ስለ ዕፅዋት ቀለም የፀሐይ ሴሎችና ስለ ብርና ወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ለሁለት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
ለትምህርት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የማስተምርና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጥናት የማማክር ሰው እንደመሆኔ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለትምህርት ክፍላችን ከሚቀርቡት የጥናት ሐሳቦች መካከል የማይታጣ አንድ ርዕስ አለ፤ ይኸውም ከከርከዴ፣ ከቀይ ሥር፣ ከእንጆሪ ወይም በአካባቢው ከሚገኝ ሌላ ተክል ቀለም አውጥቶ የፀሐይ ሴል መሥራት፣ ከዚያም የብር ወይም የወርቅ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) ጨምሮ የሴሉን ብቃት፣ ማለትም ከሚያገኘው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ድርሻ፣ ማሻሻል ነው። ርዕሱን እወደዋለሁ፤ ተማሪዎቼም ይወዱታል። ለመጻፍ ያስገደደኝ ጉዳይ በዚህ ርዕስ ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጡት ቁጥሮች እርስ በርስ ሊነጻጸሩ አለመቻላቸው ነው፤ ምክንያቱም ሴሎቹ የሚለኩበት፣ በሁሉም ዘንድ የታመነ አንድ የጋራ ቦታ በእጃችን የለም። ስለዚህ ለሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች ክፍት የሆነ አንድ አገራዊ የፀሐይ ሴል ልኬትና የዕድሜ መፈተሻ ቤተ ሙከራ እንዲቋቋም እጠይቃለሁ። ጥያቄው ለምን እንዲህ ጠባብና የተለየ እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ሴሉ ውስጥ መግባት ግድ ይለኛልና ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

በዚህ ዓይነቱ ሴል ብርሃንን የሚይዘው ቀለሙ ነው። ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ መስታወት ላይ ከታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተሠራ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበትና ውፍረቱ ከ10 ማይክሮሜትር ብዙም የማይርቅ ነጭ ንጣፍ ይቀባና ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይጋገራል፤ ከዚያም ቀለም ውስጥ ተነክሮ ያድራል። ቀለሙ ብርሃን ሲያገኘው ኤሌክትሮን ለታይታኒየም ዳይኦክሳይዱ ይሰጣል፤ ኤሌክትሮኑ በሽቦ ዞሮ ሥራ ሠርቶ በተቃራኒው መስታወት በኩል ይመለሳል፤ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው የአዮዳይድና የትራይአዮዳይድ (የአዮዲን ውህዶች) ፈሳሽም ቀለሙ ያጣውን ይተካለታል። ብሪያን ኦሬጋንና ሚካኤል ግሬትዝል ይህን አሠራር በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርጉ ሴላቸው ካገኘው ብርሃን ከ7 ከመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር፤ ቀለሙ ግን ሩተኒየም ከሚባል ውድ ብረት የተቀመመ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ከስዊዘርላንድ ሎዛን የወጣ ጥናት ደግሞ ሰው ሠራሽ ቀለሞችን በማጣመር 15.2 ከመቶ መድረስ እንደተቻለ አሳይቷል።

የዕፅዋት ቀለም ከዚህ በጣም ይርቃል። ግሬትዝል ራሱ የተሳተፈበት ቡድን በ1997 እ.ኤ.አ. ከእንጆሪ ዘመድ ፍሬ ባገኘው አንቶሲያኒን (ከርከዴንና እንጆሪንም ቀይ በሚያደርገው ቀለም) የሠራው ሴል ብቃቱ 0.56 ከመቶ ነበር። ቀይ ሥርን ቀይ በሚያደርገው በቤታኒን በ2011 እ.ኤ.አ. 2.7 ከመቶ ተመዝግቧል፤ ይህም ለተፈጥሮ ቀለም ከፍተኛ ከሚባሉት ውጤቶች አንዱ ነው። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከዶቅማ ባወጡት ቀለም ላይ ያደረጉትን ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳትመዋል፤ ስለዚህ መንገዱ ለእኛ አዲስ አይደለም። የተፈጥሮ ቀለም የሚደክምባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው ይታወቃሉ። ቀለሙ ከታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር የሚያያዝበት ሰንሰለት ደካማ ነው፤ ከብርሃን የሚይዘው ጠባብ የሞገድ ክልል ብቻ ነው፤ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ሲደራረቡ ያገኙትን ጉልበት በከንቱ ያጠፉታል፤ የተሰጠው ኤሌክትሮንም ሽቦው ላይ ሳይደርስ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። በዚያ ላይ ቀለሙ በራሱ በብርሃኑ ይበላሻል።

የናኖ ቅንጣቶች ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ነጥብ ረዘም አድርጌ ብጽፍ የጉዳዩ ጭብጥ ያለው እዚሁ ስለሆነ ነው። ወርቅ ወደ 20 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ስፋት ሲደቅቅ ቢጫነቱን ትቶ ውኃ ውስጥ ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ማይክል ፋራዳይ በ1857 እ.ኤ.አ. ይህን ቀይ ፈሳሽ አዘጋጅቶ ምሥጢሩ የቅንጣቶቹ መጠን መሆኑን ገምቷል። ዛሬ እንደምናውቀው በቅንጣቱ ውስጥ ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች ብርሃን ሲያገኛቸው ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ በአንድነት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜያቸው ከብርሃኑ ሞገድ ጋር ሲገጥም በቅንጣቱ ዙሪያ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በብዙ እጥፍ ይበረታል። ይህ የሚሆነው ለብር ወደ 400 ናኖሜትር፣ ለወርቅ ወደ 520 ናኖሜትር በሚጠጋ የሞገድ ርዝመት ሲሆን፣ ቅንጣቱ በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሲከበብ ይህ የሞገድ ርዝመት ጨምሮ ወደ ቀይ ይሸሻል። የአንቶሲያኒንና የቤታኒን ከፍተኛ የብርሃን መያዣ ክልል ከ520 እስከ 550 ናኖሜትር ባለው አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ የወርቅ ቅንጣት አጠገብ የተቀመጠ የከርከዴ ቀለም ብቻውን ከሚይዘው የበለጠ ብርሃን እንዲይዝ መጠበቅ ምክንያታዊ ነው። በመጠን ተለቅ ያሉት ቅንጣቶች ደግሞ ብርሃኑን እየበተኑ በንጣፉ ውስጥ የሚጓዝበትን መንገድ ያረዝሙታል። በዚህም ንጣፉን ማሳሳት ይቻላል፤ ንጣፉ ከሳሳ ኤሌክትሮኑ የሚጓዘው መንገድ ያጥራል፤ መንገዱ ካጠረ በመካከል የሚጠፋው ይቀንሳል። ለደካማው የተፈጥሮ ቀለም ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ምናልባት ይህ የመጨረሻው ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ያው ብረት ጠላትም ይሆናል። የበረታው መስክ ከቅንጣቱ ገጽ ከአሥር ወይም ከጥቂት አሥሮች ናኖሜትር በላይ አይዘልቅም፤ ስለዚህ ቀለሙ በጣም መቅረብ አለበት። በጣም ከቀረበና ብረቱን ከነካ ደግሞ ያገኘውን ጉልበት ለብረቱ አስረክቦ በሙቀት መልክ ያጣዋል። ብረቱ ራሱም የያዘውን ብርሃን ሁሉ ለቀለሙ አያስተላልፍም፤ ከፊሉን ለራሱ ያስቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ፈሳሹ ነው፤ አዮዲንና አዮዳይድ የተቀላቀሉበት ውህድ በኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ውስጥ ወርቅን ለማሟሟት ሆን ተብሎ የሚሠራበት ኬሚካል መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ልባስ የሌለው የወርቅ ቅንጣት በእንዲህ ያለ ሴል ውስጥ ብዙ እንደማይቆይ መገመት አያቅተውም። ብር ከወርቅ ይልቅ ቶሎ ይበላል። እንግዲህ ቅንጣቱ በጥቂት ናኖሜትር የሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ወይም የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ልባስ መሸፈን አለበት፤ ልባሱ ከሳሳ ፈሳሹ ይገባል፤ ከወፈረ መስኩ ቀለሙ ጋ ሳይደርስ ይደክማል። የምርምሩ ጥበብ ያለው በዚህ ጠባብ መካከል ነው።

ሁለት ጥናቶችን ብቻ ልጥቀስ። በ2011 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአንጄላ ቤልቸር ቡድን በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተሸፈኑ የብር ቅንጣቶችን ከንጣፉ ክብደት 0.6 ከመቶ ያህል ብቻ ጨምሮ የሴሉን ብቃት ከ7.8 ወደ 9.0 ከመቶ አሳድጓል። በሚቀጥለው ዓመት በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የፕራሻንት ካማት ቡድን ተመሳሳይ የወርቅ ቅንጣቶችን አንዱን በሲሊካ፣ ሌላውን በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሸፍኖ ጎን ለጎን ፈተነ፤ ያለ ወርቅ 9.29 ከመቶ የነበረው ብቃት በሲሊካ የተሸፈነው ሲገባ 10.21፣ በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተሸፈነው ሲገባ 9.78 ከመቶ ሆነ። የመጀመሪያው የጨመረው የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ነበር፤ ሁለተኛው ግን ወርቁ ኤሌክትሮን እያጠራቀመ ቮልቴጁን ከፍ አደረገ። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ትምህርት በቁጥሮቹ መጠን ላይ አይደለም። ሁለቱን ምክንያቶች ለይቶ ማወቅ የተቻለው፣ የሚወዳደሩት ሴሎች ከልባሱ በቀር በሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበሩና ልኬታቸው የታመነ ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የእነዚህ ምርጥ ቤተ ሙከራዎች ጭማሪ ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር ከ5 እስከ 15 ከመቶ ያህል ነው። በእኛ ተማሪዎች ጥናቶች ውስጥ ግን «ብቃቱ በእጥፍ አደገ» የሚል ዓረፍተ ነገር የተለመደ ነው። ብቃቱ 0.2 ከመቶ የነበረ ሴል 0.4 ሲደርስ በሒሳብ እጥፍ መሆኑ አይካድም፤ ጥያቄው ያ ልዩነት ከናኖ ቅንጣቱ የመጣ ነው ወይስ ከልኬቱ የሚለው ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ ማየት ይበቃል። ተማሪው የሠራው ሴል አምስት ሚሊሜትር በአምስት ሚሊሜትር፣ ማለትም 25 ካሬ ሚሊሜትር ነው እንበል። ብርሃኑን የሚገድብ በትክክል የተቆረጠ ጥቁር ሽፋን ከሌለ፣ ወይም ንጣፉ ሲቀባ በየጎኑ ግማሽ ሚሊሜትር ከፈሰሰ፣ ብርሃን የሚይዘው ስፋት 36 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህ ብቻውን 44 ከመቶ የሐሰት ጭማሪ ነው። የቤልቸር ቡድን በብዙ ጥበብ ካገኘው እውነተኛ ጭማሪ ሦስት እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው።

የብርሃኑ ምንጭም ሌላ ጉዳይ ነው። ዓለም የተስማማበት መለኪያ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት የሚያርፍ፣ የቀለማቱ ስብጥር የተወሰነ ብርሃንና 25 ዲግሪ ሙቀት ነው። ይህን የሚሰጥ መሣሪያ በሌለበት ተማሪው በሃሎጅን አምፑል ወይም በግቢው ፀሐይ ይለካል። የሃሎጅን ብርሃን ወደ ቀይና ከቀይ በታች ያደላ ሲሆን የአንቶሲያኒን ቀለም የሚሠራው ግን በአረንጓዴው አካባቢ ነው። ደመና ሽው ባለ ቁጥር የሚለዋወጥ የግቢ ፀሐይ ደግሞ ጠዋት የተለካውን ሴል ከሰዓት ከተለካው ጋር ለማወዳደር አይፈቅድም። ናኖ ቅንጣት መጨመሩ የንጣፉን ቀዳዳዎች ስፋትና የሚጠጣውን የቀለም መጠን ጭምር እንደሚቀይር፣ ከተክል ጭማቂ የተዘጋጀ ልባስ አልባ የብር ቅንጣትም በ450 ዲግሪ ሲጋገር እርስ በርስ ሊጣበቅ እንደሚችል ስንጨምርበት፣ የተገኘው ጭማሪ ከየት እንደመጣ ለመናገር የሚያስችል ነገር በእጃችን አይቀርም። ይህ የተማሪዎቹ ጥፋት አይደለም። ያላቸውን ሁሉ አድርገዋል፤ ያጡት መለኪያውን ነው።

ስለ ጥቅሙም በግልጽ መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም በየጥናቱ መግቢያ ላይ ይህ ቴክኖሎጂ ኤሌክትሪክ ላልደረሰው የገጠር ቤተሰብ ርካሽ ብርሃን ያመጣል የሚል ተስፋ ይጻፋል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና 10 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው፣ ግማሹ ቀዳዳ የሆነ ንጣፍ 20 ግራም ያህል ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ከዚህ ክብደት አንድ ከመቶ ወርቅ ቢጨመርበት 0.2 ግራም ወርቅ ነው። ብቃቱ አንድ ከመቶ የሆነ ሴል በሙሉ ፀሐይ ከዚያ ካሬ ሜትር የሚያገኘው 10 ዋት ሲሆን፣ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው የሲሊከን ሶላር ግን ከተመሳሳይ ስፋት 200 ዋት ይሰጣል። ለ10 ዋት 0.2 ግራም ወርቅ ማውጣት ለማንም ገበሬ አያዋጣም። በብር ቢተካ ዋጋው በብዙ ይቀንሳል፤ የብቃቱና የዕድሜው ጥያቄ ግን እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ሚኒስቴሮቹ ይህን ምርምር ለገጠር መብራት እንደ አማራጭ እንዳይደግፉት፣ ለዚያ የሲሊከን ሶላር በእጃችን መኖሩን እንዲያስታውሱ እጠይቃለሁ።

ታዲያ ለምን ይደገፍ? አንደኛው ምክንያቴ በቀለም የሚሠራ ሴል በደብዛዛ ብርሃን ጎበዝ መሆኑ ነው። የ15.2 ከመቶው የሎዛን ሥራ በቤት ውስጥ ብርሃን ሲለካ ከ28 ከመቶ በላይ ደርሷል፤ በስዊድንም ኤክሴገር የተባለ ኩባንያ ይህን ዓይነት ሴል በጆሮ ማዳመጫዎች ላይ እየገጠመ ለገበያ አቅርቧል። በግሪንሃውስ፣ በመጋዘንና በክሊኒክ ማቀዝቀዣ ላይ ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግቡ ትንንሽ መሣሪያዎች የሚፈልጉት ኃይል ጥቂት ነው፤ የተፈጥሮ ቀለም በዚያ ደረጃ ይበቃ እንደሆነ መፈተን የእኛው ተማሪዎች አቅም ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሰው ነው። አንድ ወጣት ከዶቅማ ፍሬ ተነሥቶ ቀለም ሲለይ፣ ናኖ ቅንጣት ሲያዘጋጅ፣ ልባስ ሲያለብስ፣ ንጣፍ ሲጋግር፣ ፍሰትና ቮልቴጅ ሲለካ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ምህንድስናን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይማራል፤ ይህን ሁሉ የሚያስተምር፣ መነሻው ከገበያ የሚገዛ ፍሬ የሆነ ሌላ የምርምር ርዕስ አላውቅም። ይህ ትምህርት እውነተኛ የሚሆነው ግን መጨረሻ ላይ የሚገኘው ቁጥር እውነተኛ ሲሆን ነው።

የምጠይቀው ቤተ ሙከራ ትልቅ ሕንፃ አያሻውም። ደረጃውን የጠበቀ የፀሐይ ብርሃን አስመሳይ መሣሪያ፣ የተረጋገጠ ማመሳከሪያ ሴል (ምላሹ አስቀድሞ በትክክል የታወቀ፣ ብርሃኑ የሚስተካከልበት ሴል)፣ ሴሉ ለእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት የሚሰጠውን ምላሽ የሚለካ መሣሪያ፣ ሴሎች ለሳምንታት ያለማቋረጥ ብርሃን የሚያገኙበት የዕድሜ መፈተሻ ሳጥን፣ የቅንጣቶችን መጠንና የልባስ ውፍረት ለማየት በአገር ውስጥ ባለ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ላይ የተመደበ ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቦታው የማይነቃነቁ ሁለት ወይም ሦስት የሠለጠኑ ቴክኒሻኖች ይበቃሉ። የመሣሪያዎቹ ዋጋ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር እንጂ በሚሊዮኖች አይደለም። ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ወይም በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ልዩነት የለኝም፤ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ማመሳከሪያውን በየጊዜው እንዲያረጋግጥ ቢደረግ ግን የቤተ ሙከራው ቃል በውጭም ይታመናል። በፈሳሽ የታሸገ ሴል በመንገድ ስለሚጎዳ ተማሪው ራሱ ቀለሙንና ንጣፉን ይዞ መጥቶ እዚያው ገጥሞ እንዲለካ የመኝታና የመጓጓዣ ወጪ በበጀቱ ውስጥ መካተት አለበት፤ ይህ ከተረሳ ቤተ ሙከራው የሚያገለግለው በአቅራቢያው ያለውን ዩኒቨርሲቲ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የግዢው ነገር ይነሣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አስተላላፊ መስታወትና የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅባት ከውጭ ማስገባት ለአንድ ትምህርት ክፍል ከአቅም በላይ ሆኗል፤ በጋራ ተገዝተው ከዚያው ቤተ ሙከራ ቢከፋፈሉ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ዕቃ ስለሚሠራ ንጽጽሩም ይቀላል። ለወርቅ ናኖ ቅንጣት መነሻ የሚሆነው የወርቅ ጨው ደግሞ ከንጹሕ ወርቅ በአሲድ ተሟሙቶ እዚሁ ሊዘጋጅ የሚችል ነው። ወርቅ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ተማሪዎቿ በሚሊግራም የሚቆጠር የወርቅ ጨው ከባሕር ማዶ እስኪደርስ ወራት መጠበቃቸው ሊታረም የሚገባው ነው፤ ለቤተ ሙከራው በዓመት ጥቂት ግራም ንጹሕ ወርቅ በሕጋዊ መንገድ የሚደርስበት ሥርዓት እንዲበጅ አደራ እላለሁ። የብር ናኖ ቅንጣት በውኃ ውስጥ ላሉ ሕያዋን ጎጂ ስለሆነ ቅሪቱ ወደ ፍሳሽ እንዳይገባ የሚሰበሰብበት ደንብም አብሮ ይውጣ።

ቤተ ሙከራው እስኪቆም ድረስ ያለ ምንም በጀት ዛሬ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ። ትምህርት ሚኒስቴር በዚህ መስክ ለሚቀርብ ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት አጭር የልኬት መመሪያ ማውጣት ይችላል፦ ናኖ ቅንጣት ያለውና የሌለው ሴል በአንድ ቀን፣ በአንድ ንጣፍ ውፍረት ተሠርተው ይነጻጸሩ፤ በእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ምርጥ ሴል ሳይሆን የበርካታ ሴሎች አማካይና ልዩነት ይጻፍ፤ የሽፋኑ ስፋትና የብርሃኑ ምንጭ ይገለጽ፤ ሴሉ ከቀናት በኋላ የሰጠው ቁጥርም ከመጀመሪያው ጎን ይቀመጥ፤ ጭማሪ ያልታየበት ጥናትም በአግባቡ ከተለካ ሙሉ ዋጋ ያግኝ። አዲስ ተማሪዎች የጥናት ሐሳባቸውን ማቅረብ የሚጀምሩት በመስከረም ነው፤ መመሪያው ከዚያ በፊት ለየትምህርት ክፍሎቹ ቢደርስ የዘንድሮዎቹ ሥራቸውን በእሱ ሊጀምሩ ይችላሉ። ረቂቁን ለማዘጋጀት ከባልደረቦቼ ጋር ያለ ክፍያ ለማገልገል ፈቃደኛ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር